ሶሪ እና ይቅርታ

እናቴ ያረፈች ሰሞን፣ እዚህ ቶሮንቶ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «አይ አም ሶሪ» አለችኝ። «አንቺ ምን አደረግሽ?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ያኔ ሶሪን የማውቀው በይቅርታነቱ ብቻ ነበር፤ ሰው ገፍቶ ያለፈ የሚለው፣ ያልሰማ ሰው ደግሞ «ሶሪ?» ብሎ የሚያስደግምበት።

ኋላ የቃሉን ሥር ሳነብ ደነገጥኩ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ነበር አሉ፤ የወጣውም ሕመምና ቁስል ከሚል ቃል ነው። ለካ ያቺ ሴት ያለችኝ «እኔንም አመመኝ» ነው። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንደምንለው። እናቴ እኔ ሳሎን እንቅፋት ሲመታኝ ከጓዳ ሆና፣ ሳታየኝ፣ «እኔን!» ትል ነበር፤ እጇ ሊጥ እንደያዘ ብቅ ትልና ጣቴን ታየዋለች።

ይቅርታ ሌላ ነው። ነገሩ እንዲቀር የበደሉትን ሰው መለመን ነው፤ መልስ ይጠበቅበታል። ሶሪ ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ይቅርታ ያለ ሰው ግን ይቆማል።

ይህ የሶሪ ሁለት መልክ አውስትራሊያን ዓመታት አከራክሯል። ከወላጆቻቸው በግድ ለተወሰዱት የነባሩ ሕዝብ ልጆች ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1999 ጸጸት መግለጽን መረጡ እንጂ ሶሪ አላሉም። ቃሉን ፓርላማ ውስጥ ያሉት ከእሳቸው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ኬቪን ረድ ናቸው፣ በ2008። እኔ በምኖርበት ኦንታሪዮ ደግሞ በ2009 የወጣ ሕግ ሶሪ ያለ ሰው ጥፋቱን እንዳመነ አይቆጠርበትም ይላል። ፍርድ ቤት ለሚፈራ ሰው ደግ ሕግ ነው። እኔ ግን ይህንን ሕግ ቤቴ አስገብቼው ኖሬያለሁ።

ለቀብሩ አልደረስኩም። ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ታላቅ እህቴ ብቻዋን አስታመመች፣ ብቻዋን ቀበረች። በስልክ «ሶሪ እትዬ» አልኳት፤ እሷም «ምንም አይደል» አለችኝ፤ ወሬ ቀየርን። ሦስት ዓመት።

እሑድ ዕለት ደወልኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«የምኑን?»

«ብቻሽን ስለተውኩሽ።»

ዝም አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በስልኩ ይሰማኛል።

«ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ» አለችኝ፣ «በር በሩን ሳይ ነበር።»