ሁለት ተማሪዎቼ የተጣሉበት ቀን

ዛሬ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የቡድን ሥራ እያሠራሁ ሳለ፣ በሁለት ተማሪዎቼ መካከል በቃላት የተጀመረ ጠብ ወደ መገፈታተር ደረሰ። የመጀመሪያ ስሜቴ ሁለቱንም በጓደኞቻቸው ፊት ጮክ ብዬ መገሠጽ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሰው ፊት የተዋረደ ልጅ ጥፋቱን ከማሰብ ይልቅ ክብሩን ለማስመለስ እንደሚታገል ደጋግሜ ስላየሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በመካከላቸው ቆምኩና በየስማቸው ጠርቼ ተራርቀው እንዲቀመጡ አደረግሁ። ለቀሩት ተማሪዎች የሚሠሩትን ሰጠኋቸው፤ ተመልካች የሌለው ጠብ ቶሎ ይበርዳልና።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ለየብቻ አነጋገርኳቸው። «ለምን ተጣላህ?» የሚለው ጥያቄ ልጁን ራሱን ወደ መከላከል ስለሚገፋው፣ «ምን ተፈጠረ? ያን ጊዜስ ምን ተሰማህ?» ብዬ ጀመርኩ። የገፈተረው ልጅ ቁጣ መነሻው የቡድኑ ሥራ እንዳልነበረ፣ ይልቁንም ድምፁን አሰምቶ ባነበበ ቁጥር ለሳምንት ያህል ሲሳቅበት እንደቆየ የተረዳሁት ያኔ ነው። ያ ሳቅ የተሰማው በእኔው ክፍል፣ እኔው ባለሁበት ነው፤ እንደ ቀላል ነገር በማለፌ ከልቤ አዝኛለሁ።

መግፋቱ ስህተት መሆኑን ሳላለዝብ ነገርኩት፤ ነገር ግን «ያደረግኸው ልክ አይደለም» አልኩት እንጂ «አንተ ረባሽ ነህ» አላልኩትም። ሁለቱን ፊት ለፊት ያገናኘኋቸው ቁጣቸው ከበረደ በኋላ ነው። ነገ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት፣ የማንንም ስም ሳልጠቅስ፣ ሰው ሲያነብ ስለ መሳቅ ከመላው ክፍል ጋር እነጋገራለሁ፤ የክፍሉን ደንብም ተማሪዎቹ በራሳቸው አገላለጽ እንዲጽፉት አደርጋለሁ።