ከሊዝበን እስከ ድሬስደን፦ የከርሰ ምድር ውሃ ልማር ወጥቼ

ጂኦሎጂስት ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም በዛ ጉዞ ላይ ያየሁት ፍዳ ሁሉ ከዚች ቃል ነው የሚጀምረው። የከርሰ ምድር ውሃ ማስተርስ ልማር ስነሳ ሆዴ ውስጥ የነበረው ሂሳብ ቀላል ነበር፣ ድንጋይ አውቃለሁ፣ ውሃው ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው፣ ስለዚ ትምህርቱን ግማሹን ጨርሼዋለሁ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ኢራስመስ ሙንዱስ ከሚባሉት፣ አውሮፓ ውስጥ ከአገር አገር እየዞሩ ከሚማሩባቸው አንዱ ነው፣ አንደኛው ሴሚስተር ሊዝበን ፖርቱጋል፣ ሁለተኛው ዴልፍት ሆላንድ፣ ሶስተኛው ድሬስደን ጀርመን፣ በቃ ሻንጣ ይዞ መዞር። (ከዚ በታች የምጠራው ዓመተ ምህረት ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ሊዝበን በመስከረም ገና ትሞቃለች። ክላሱ ውስጥ ስገባ ጂኦሎጂስት የምጠብቅበት ቦታ ሁሉ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ አንዱ ሲቪል መሃንዲስ፣ አንዷ ኬሚስት፣ አንዷ አግሮኖሚስት (የሰብል ባለሙያ)፣ ሌላው ደግሞ ህግ ተምሮ የመጣ። ህግ! ይሄ ሰውዬ ተሳስቶ ነው የገባው ብዬ ነበር በሆዴ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አስተማሪው ውሃ በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚያሰላውን የዳርሲን ህግ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ሰውየው ምን ነበር ብሎ ጠየቀ። እኔ ፈጠን ብዬ ጂኦሎጂስት አልኩ። ኩም አልኩ በቃ። ሄንሪ ዳርሲ ለፈረንሳይዋ ዲዦን ከተማ ውሃ በቧንቧ ያስገባ መሃንዲስ ነው፣ በ1856 ያሳተመው ሙከራም በአሸዋ በተሞላ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እያሳለፈ የለካው ነው፣ እኛ ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበት ቀመር የተገኘው ከዛ ነው። ጎኔ የተቀመጠው ሲቪል መሃንዲስ ዞሮ ሲያየኝ የነበረውን ፈገግታ አልረሳውም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ታይስ መጣ፣ ጉድጓድ ሲሳብ የውሃው ከፍታ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚወርድ በ1935 ያሳየው አሜሪካዊ፣ እሱ እንኳን ጂኦሎጂስት ነው፣ ግን ሂሳቡ ሲከብደው ምን አደረገ፣ ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚሄደው ሙቀት በብረት ውስጥ እንደሚሄደው ነው ብሎ ሉቢን የሚባል የሂሳብ ሰው ወዳጁን አማከረ። ያ ብልጠት ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ድንጋዩ ላይ አፍጥጬ እቀር ነበር።

አንድ ቅዳሜ የአጉዋሽ ሊቭሪሽን የውሃ መስመር ለማየት ወጣን። የአልካንታራን ሸለቆ በድንጋይ ቅስቶች ተሻግሮ የሚያልፍ ነገር ነው፣ ትልቁ ቅስት 65 ሜትር ከፍታ አለው፣ ላዩ ላይ በእግር መሄድ ይቻላል፣ ነፋሱ ግን ኮፍያ አይምርም። ከተማዋ ውስጥ ውሃ ማምጣት የጀመረው በ1748 ነው፣ ከሰባት አመት በኋላ በ1755 የመሬት መንቀጥቀጡ ሊዝበንን ሲያፈርሳት እነዚህ ቅስቶች ቆመው ቀሩ። መሃንዲሳችን ቅስቱን አይቶ አልጠገበም። እኔ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ፈለግኩ፣ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ቤላሽ አካባቢ ካሉ ምንጮች ነው፣ ምንጭ ማለት ደግሞ ራሱን ያወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ስለዚ ኩራቴ ትንሽ ተመለሰ። ያኔ ነው ያ የህግ ልጅ ዝም ብሎ ቆይቶ "ማነው የከፈለው?" ያለው። ማንም አላሰበውም። ለካ በስጋ፣ በወይን ጠጅና በወይራ ዘይት ላይ በተጣለ ልዩ ግብር ነው የተሰራው። ከዛ ቀን ጀምሮ ተሳስቶ የገባ ነው ማለቴን ተውኩ።

ዴልፍት የገባነው በየካቲት ነው፣ ብርዱን አልነግራችሁም። ሜዳ ነው ሁሉም፣ ለጂኦሎጂስት የሚያሳዝን አገር፣ አንድ ቋጥኝ አታይም። የምትማርበት ተቋም ከ1957 ጀምሮ ከየአለሙ የሚመጡ የውሃ ባለሙያዎችን ሲያስተምር የኖረ ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ የማትሰማው ቋንቋ የለም። እዛ የተማርኩት ትልቁ ነገር ጨው ነው። የባህር ዳርቻ ላይ ጣፋጩ ውሃ ቀለል ስለሚል ከጨዋማው በላይ ይንሳፈፋል፣ ከባህር ወለል በላይ 1 ሜትር ጣፋጭ ውሃ ካለህ ከታች 40 ሜትር ያህል አለህ ማለት ነው። መጀመሪያ ስትሰማው ደስ ይላል፣ ገልብጠህ ስታስበው ግን ያስፈራል፣ 1 ሜትር ዝቅ ካደረግከው ጨዋማው ከስር 40 ሜትር ሊወጣብህ ነው። ይሄን ካገኙት አንዱ ባዶን ጋይበን የሚባል ሆላንዳዊ ነው፣ እሱም መሃንዲስ፣ ያውም ወታደር። ጂኦሎጂስቶቹ የት ሄደው ነው ግን?

ከሁሉ የገረመኝ የከተማው ሰሜን ነው። አንድ የእርሾ ፋብሪካ መቶ አመት ለሚጠጋ ጊዜ ለማቀዝቀዣ ብሎ ከስር ውሃ ሲስብ ኖረ፣ ከዛ ውሃው አያስፈልገኝም አለ። እኔ የጠበቅኩት ጭብጨባ ነበር፣ ፓምፑ ጠፋ፣ አኩፈሩ (ውሃ የያዘው የመሬት ንብርብር) አገገመ፣ ጎሽ! ለካ ከተማው ዝቅ ባለው ውሃ ላይ ተለማምዶ ነው የተሰራው፣ ድንገት ቢያቆሙት ውሃው ተመልሶ ምድር ቤት ያጥለቀልቃል፣ አፈሩም ወደ ላይ ሊነሳ ይችላል። ስለዚ ማንም የማይፈልገውን ውሃ የህዝብ መስሪያ ቤቶች ተረክበው መሳብ ቀጠሉ፣ ቀስ በቀስ እየቀነሱ። እዚ ላይ የህግ ልጁ ሁለት ሰአት ሲያወራ ማንም አላቋረጠውም።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ አሸዋማ የመስክ ቦታ ላይ ፓምፒንግ ቴስት ሰራን፣ ማለትም ጉድጓድ እየሳብን ውሃው እንዴት እንደሚወርድ ለካን፣ ሌሊቱን በፈረቃ። ፓምፑ ሲነሳ መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ሰከንዱ ነው የሚለካው፣ እያቆየ ነው የሚራራቀው፣ በእጅ አንዱ መለኪያውን ያወርዳል አንዱ ይጽፋል፣ ታዛቢ ጉድጓዶቹ ውስጥ ደሞ ግፊት እየለካ ራሱ የሚመዘግብ መሳሪያ፣ ዳታ ሎገር፣ ገብቷል። ጠዋት ፓምፑን አጥፍተን ውሃው ሲመለስ በሎገሩ ብቻ እንከታተል ብለን ልንተኛ ሄድን። በማግስቱ ግራፉን ስከፍተው ውሃው ትንሽ ወጣ ወጣ ይልና ከዛ መልሶ ይወርዳል። ፓምፕ የለም፣ ምን ያወርደዋል? እኔ ነኝ ያልኩ ጂኦሎጂስት ሶስት ሰአት ሙሉ ስንጥቅ ነው፣ የሸክላ ንብርብር አለ፣ ሌላ አኩፈር ጋር ይገናኛል እያልኩ ስዕል ስስል ዋልኩ፣ ስዕሉ ራሱ ያምር ነበር። አግሮኖሚስቷ ቡናዋን ይዛ መጣችና አየችው። "ትላንት ማታ አየሩ እንዴት ነበር?" አለች። ዝናብ ነበር፣ ነፋስ ነበር። ሎገሩ እኮ የሚለካው የውሃውን ግፊት ብቻ አይደለም፣ ከላይ የሚጫነውን አየርም ጨምሮ ነው፣ የአየር ግፊቱ 12 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ ውሃው 12 ሴንቲሜትር የወረደ ይመስላል። ለዛ ነው አየሩን ብቻ የሚለካ ሁለተኛ ሎገር ውጪ የሚሰቀለው። እሱን የመስቀል ተራ የኔ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁት፣ ካልሲ ስር። የአቅራቢያውን የሜትሮሎጂ ጣቢያ ዳታ ወስደን ስንቀንስለት ስንጥቁም ሸክላውም ጠፋ፣ ለስላሳ ኩርባ ብቻ ቀረ።

ድሬስደን ላይ ተራው የኬሚስቷ ሆነ። ኤልባ ወንዝ ዳር ሳሎፔ የሚባለው የውሃ ተቋም ከ1875 ጀምሮ ከወንዙ በቀጥታ ሳይሆን ከዳርቻው መሬት ውስጥ ነው የሳበው፣ የወንዙ ውሃ በአሸዋና ጠጠር ውስጥ ሲያልፍ እዛ የሚኖሩት ረቂቅ ህዋሳት እየበሉለት ጸድቶ ይደርሳል። እኔ አሸዋውን አያለሁ፣ እሷ ኦክስጅኑ የት ላይ እንዳለቀ ትጠይቃለች። በ2002 ነሃሴ ላይ ኤልባ 9.40 ሜትር ደርሶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ደግሞ ጎርፉ በላይ ባልደረሰበት ሰፈር እንኳን ውሃ ከስር ወደ ምድር ቤት ገብቷል።

በመጨረሻው ወር በኤስ1 ባቡር ወንዙን ተከትለን ወደ ኮኒግሽታይን ወጣን። በመጨረሻ ድንጋይ! ግራና ቀኝ የአሸዋ ድንጋይ ገደል፣ አፌ አልተዘጋም፣ ሰው ሰለቸኝ። (ኬሚስቷ ግን እዛው አካባቢ ይሄንኑ ድንጋይ ከ1984 ጀምሮ ሰልፈሪክ አሲድ እያጠጡ ዩራኒየም ያወጡበት እንደነበር ነግራኝ ደስታዬን አደፈረሰችው።) አናቱ ላይ ያለው ምሽግ ውስጥ ከ1563 እስከ 1569 በማዕድን ቆፋሪዎች የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፣ ጥልቀቱ 152.5 ሜትር። ከአፉ ላይ ተደግፈን ድንጋይ ቢጣል በስንት ሰከንድ ይሰማል ተባለ። መሃንዲሱ 5.6 አለ። ኬሚስቷ ድምጹ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጨምራ 6 አደረገችው። እኔ መጀመሪያ የውሃው ከፍታ የት ጋ እንደሆነ ይነገረኝ አልኩ። አግሮኖሚስቷ ሳቀች፣ የህግ ልጁ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቦ መጣና ምንም መጣል ክልክል ነው አለን።