ትራሴን ያነጣው ቅባት

እናቴ ሰሞኑን የትራሴን ልብስ አይታ «በረኪና ደፋሽበት እንዴ?» አለችኝ። በረኪና አይደለም፣ የብጉር መድኃኒቴ ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይባላል። የብጉሩን ባክቴሪያ ይገድላል፣ የነካውን ጨርቅም ያነጣል። ሰማያዊው ትራሴ ቡራቡሬ ሆኗል።

ብጉር የጀመረኝ በ24 ዓመቴ ነው። ባንክ መስኮት ላይ ነው የምሠራው፤ ደንበኛው ሁሉ ብሩን እየቆጠረ «ፊትሽን ምን ነካው?» ይለኛል። አንድ እናት ጭራሽ ወረፋውን አስቁመው «ልጄ፣ እሬት ተቀቢበት» አሉኝ። እሬቱንም፣ የጥርስ ሳሙናውንም፣ ሎሚውንም ሞከርኩ። ሎሚው አቃጥሎኝ ጥቁር ምልክት ትቶልኝ ሄደ።

ከዚያ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ትንሽዬ ቱቦ ሸጠልኝ። በሦስት ቀን ፊቴ ጥርት አለ! ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ (ይቅር በሉኝ)። ስተወው ግን ብሶበት ይመለሳል። ስቀባው ይጠፋል፣ ስተወው ይመጣል። ስምንት ወር እንዲህ ተጫወተብኝ።

የቆዳ ሐኪሟ የቱቦውን ጀርባ አነበበችና «ቤታሜታዞን» አለች። ስቴሮይድ ነው። ለጊዜው መቅላቱንና እብጠቱን ያበርዳል፤ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል። ጉንጬ ላይ ብቅ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች በመስታወት አሳየችኝ። ደነገጥኩ።

ጠዋት ቤንዞይል፣ ማታ አዳፓሊን የሚባል ቅባት፣ ለሦስት ወር ደግሞ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ክኒን አዘዘችልኝ። አዳፓሊኑ አንድ የአተር ፍሬ የምታክል ለፊት በሙሉ ነው እንጂ ብጉሩ ላይ ብቻ አይደለም። «መጀመሪያ ይብስብሻል፣ ይላላጣል። እንዳታቆሚ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላ አትደውይልኝ» አለች።

በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩ። ጾም ስለነበር ክኒኑን ማታ ነበር የምውጠው፤ አንድ ቀን በጉንጭ ውኃ ዋጥ አድርጌው ተኛሁ። ሌሊት ደረቴ ውስጥ ፍም የገባ መሰለኝ። ለካ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ተውጦ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ያስፈልጋል። ተቆጣችኝ። በዚያው አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን ጠንካራ የብጉር ክኒን ትሰጠኝ እንደሆን ጠየቅኳት። «እሱ ለከባዱ ብጉር ነው፤ የደም ምርመራ አለው። እርግዝና ካለ ደግሞ ጽንስ ይጎዳል፣ በጭራሽ አይወሰድም» ብላ ዘጋችብኝ።

አሁን አሥራ አንደኛ ሳምንቴ ነው። ምልክቱ ገና አለ፤ አዲስ የሚወጣው ግን አንድ ሁለት ቢሆን ነው።

ባለፈው ሳምንት እኚያ እናት መስኮቴ ጋ መጡ። ፊቴን አተኩረው አዩና «እሬቱ ሠራልሽ አይደል?» አሉኝ።

ወረፋው ረጅም ነበር። «ሠራልኝ እማማ» አልኳቸው።