ቤተሰቡ በሥዕሉ ይታይ፣ ታሪኩ የልጁ ይሁን

የአራት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ሲገለጥለት ፊደሉን አያይም። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ሥዕሉ ላይ ያርፋል፤ ደጃፉ ላይ ስንት ጥንድ ጫማ እንዳለ፣ የጥርስ ብሩሹ ስንት እንደሆነ፣ ሕፃኑን ያቀፈው ማን እንደሆነ ያያል። አዋቂው ጽሑፉን ሲከተል ሳያስተውል የሚያልፈውን ልጁ አንድ በአንድ ይቆጥረዋል። የተለያየ ዓይነት ቤተሰብ የሚያሳዩ መጻሕፍትን ስንመርጥም ስንሠራም መነሻችን ይኸው ነው። እናቱ ብቻዋን የምታሳድገው፣ አያቱ ዘንድ ያደገ፣ በጉዲፈቻ የመጣ፣ በሁለት ቤት የሚመላለስ፣ ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ያለው ልጅ ራሱን መጀመሪያ የሚፈልገው ሥዕሉ ውስጥ ነው።

መጻሕፍቱ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቆጠራ ነው፦ በየገጹ አንድ ቤተሰብ እየመጣ «አንዳንዱ እንዲህ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዲያ» ይላል። ሁለተኛው ታሪክ ነው፦ ልጅቷ ድመቷ ጠፍታባት ትፈልጋለች፤ አብሯት የሚፈልገው አያቷ ነው፤ ለምን አያቷ እንደሚያሳድጋት መጽሐፉ አንድም ቃል አይናገርም። የቆጠራው መጽሐፍ ቃላት ለማስተማርና በመዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ወሬ ለመክፈት ጥሩ ነው። በእኔ ሚዛን ግን ሁለተኛው ይበልጣል፤ ልጁ የራሱን ገጽ አንዴ ካገኘ በኋላ ወደ ቆጠራው መጽሐፍ የሚመልሰው ነገር የለምና። ድመቷ መገኘቷን ለማየት ግን አሥር ጊዜ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም ከአያቷ ጋር ይውላል።

ከሕትመቱ ጠባይ የሚመጣም ምክንያት አለ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ ገጾቹ በ8 ወይም በ16 ስለሚወጡ ቁጥሩ እንደ ልብ አይቀየርም። የርዕሱና የቅጂ መብቱ ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ የሚተርፈው ከ12 እስከ 14 ጥንድ ገጽ ነው፤ ጥንድ ገጽ ማለት መጽሐፉ ሲገለጥ ግራና ቀኝ አብረው የሚታዩት ሁለት ገጾች ናቸው። አሥራ ሁለት ዓይነት ቤተሰብ ላሳይ ያለ ደራሲ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ጥንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በዚያች ቦታ ደግሞ ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ ነገር አይሠራም።

የቆጠራ መጽሐፍ ሲመረጥ ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ ማየት ነው። እናትና አባት ሁለት ልጆች ይዘው በመጀመሪያው ገጽ ቀርበው፣ ሌሎቹ በሙሉ «ግን» ከሚለው ቃል በኋላ ከተሰለፉ መጽሐፉ ዋናውንና ተጨማሪውን ለይቶ አስቀምጧል ማለት ነው። ቀጥሎ እርሳስ ይዞ ሦስት ቃላት ማደን ይጠቅማል፦ «ብቻ»፣ «ቢሆንም»፣ «የሌለው»። «እናት ብቻ ያላት ልጅ» እና «ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ» የሚያወሩት ስለ አንድ ቤት ነው፤ የመጀመሪያው የጎደለውን ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ያለውን። «አባት ባይኖረውም ደስተኛ ነው» የሚለው ደግሞ ልጁ አስቦት የማያውቀውን ነገር ያስተምረዋል፦ ደስተኛ መሆኑ ሰውን የሚያስገርም እንደሆነ።

አሜሪካዊቷ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ መጻሕፍትን በመስታወት፣ በመስኮትና በተንሸራታች በር መስለዋቸዋል፦ ልጁ ራሱን የሚያይበት፣ የሌላውን ቤት የሚያይበት፣ አልፎም የሚገባበት። ምሳሌው በብዛት ይጠቀሳል፤ መስታወቱ ጠማማ ሊሆን እንደሚችል ግን ይረሳል። መደርደሪያው ላይ ጉዲፈቻ የሚነሳበት መጽሐፍ አንድ ብቻ ሆኖ እሱም የሚያለቅስ ልጅ ታሪክ ከሆነ፣ በጉዲፈቻ ያደገችው ልጅ ስለ ራሷ የምታገኘው መልክ ያ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓይነት ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት መጽሐፍ ይኑር፦ አንዱ ጉዳዩን በግልጽ የሚያነሳ፣ ሌላው ስለ ዝናብ ወይም ስለ ጠፋ ኳስ የሚያወራ።

አንድ ጥንድ ገጽ ቀረብ ብለን እንይ። ወላጆቹ የተለያዩበት ልጅ ሁለት ቤት አለው፤ ግራ ገጽ ላይ የእናቱ ቤት፣ ቀኝ ገጽ ላይ የአባቱ። ሠዓሊው ልጁን መሃል ላይ ቢያስቀምጠው የመጽሐፉ ማጠፊያ ፊቱን ይውጠዋል፤ ሲገለጥም ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስላል። ይህን ማንም አስቦ አያደርገውም፤ ልጁ ግን ያየዋል። የሚሻለው ልጁን ሁለቱም ገጽ ላይ መሳል ነው፦ ግራም ተኝቶ፣ ቀኝም ተኝቶ፣ በሁለቱም አልጋ ያችኑ ጆሮዋ የተቀደደ የጨርቅ ጥንቸል አቅፎ። ጽሑፉ እዚህ ላይ ዝም ቢል ይመረጣል። ከዚያ ብርሃኑን መመርመር ነው። አንዱ ቤት በሞቀ ቢጫ ሌላው በግራጫ ከተቀባ፣ አንዱ መጫወቻ ሞልቶት ሌላው ባዶ ከሆነ፣ አንዱ ወላጅ ወለል ላይ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሌላው ስልኩ ላይ ካፈጠጠ መጽሐፉ ፈርዷል። ፍርዱን ለመሸሽ ሁለቱን ቤት አንድ ዓይነት ማድረግም አያዋጣም፤ የሚመላለስ ልጅ ሁለቱ ቤቶች እንደማይመሳሰሉ አሳምሮ ያውቃል። ልዩነታቸው በነገር ይሁን፦ አንደኛው ደረጃ አለው፣ ሌላው በረንዳ።

በአማርኛ ሲነበብ ቃላቱ ራሳቸው ጣጣ አላቸው። «የእንጀራ እናት» የሚለው ቃል ልጁ በተረት የሰማትን ክፉ ሴት ጎትቶ ያመጣል፤ ባለታሪኩ ሴትዮዋን በሚጠራበት ስም መጥራት ይሻላል፤ ደግሞስ ማን ልጅ ነው «የእንጀራ እናቴ፣ ነይ» ብሎ የሚጣራው? «እውነተኛ እናቱ» የሚለው ከሁሉ ይብሳል፤ ያሳደገችውን ሐሰተኛ ያደርጋታል። «የወለደችው እናቱ» እና «ያሳደገችው እናቱ» ሲባል ግን ሁለቱም እናትነታቸውን ይዘው ይቆያሉ። «ወላጆች» የሚለው ቃል መውለድን ስለያዘ ለአያትና ለአሳዳጊ አይበቃም፤ ለብዙ ልጆች በአንድነት ሲነበብ «ቤተሰቦቹ» ወይም «አሳዳጊዎቹ» ቢባል ማንም ከውጭ አይቀርም። በአባት ወይም በእናት በኩል ብቻ የሚዛመዱ ልጆች በመጽሐፉ ውስጥ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ከተባባሉ ይበቃል። በየት በኩል እንደሆነ መዘርዘር የሚያስፈልገው ታሪኩ ራሱ ከጠየቀው ነው። «ሴት ያሳደገው» ስድብ ሆኖ የቆየ አባባል ነውና ለማጽናናት ተብሎ እንኳ ወደ ጽሑፉ ባይገባ መልካም ነው።

አነባበቡ ላይ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት ጥሩ መንገድ ያሳያል፦ ተራኪው ቀስ በቀስ ልጁ ይሆናል፤ አዋቂው እየጠየቀና የልጁን መልስ በጥቂት ቃላት እያሰፋ ይከተላል። ለእነዚህ መጻሕፍት ሲሆን መጀመሪያ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ማንበብ። በሁለተኛው ንባብ «እዚህ ቤት ማን ማን አለ?» ማለት። «አባቱስ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ የለብንም፤ ልጁ ካነሳው ግን መሸሽ አይገባም። መጽሐፉ ካልተናገረ መልሱ «እዚህ አልተጻፈም፤ አንተ ምን ይመስልሃል?» ነው። አዋቂው ከራሱ «ሞቶ ነው» ወይም «ጥሏቸው ሄዶ ነው» ብሎ የጨመረው ነገር በልጁ አእምሮ የታሪኩ አካል ሆኖ ይቀራል። ለቡድን ሲነበብ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ገጹን ገልጦ ወደ አንዱ ልጅ እየተመለከቱ «ይኼ እንደ አንተ ነው» ማለት ነው። ሃያ ፊት በአንዴ ወደ እሱ ይዞራል። ራሱ «እኔም!» እስኪል መጠበቅ ነው፤ ካላለም አይገደድም።

ከንባቡ በኋላ የሚታደለው የቤተሰብ ዛፍ ወረቀትም ብዙ ያበላሻል። ለእናት አንድ፣ ለአባት አንድ፣ ለአያቶች አራት ሳጥን ተስሎበት ሲመጣ አንዳንዱ ልጅ ባዶ ሳጥን ይዞ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ሰው ተርፎት ቦታ ያጣል። ባዶ ወረቀት መስጠትና ልጁ መሃል ላይ ራሱን ስሎ በዙሪያው የሚንከባከቡትን እንዲጨምር ማድረግ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የሚስማማ መጽሐፍ ካልተገኘ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። አራት ኤፎር ወረቀት ደራርቦ መሃሉ ላይ ማጠፍ፣ ከውጭ ወፈር ያለ ካርቶን ለሽፋን መጨመር፣ እጥፋቱ ላይ በሁለት የስቴፕለር ሽቦ ማያያዝ፤ 16 ገጽ ይወጣል። ገጽ 1 ለርዕሱ ነው፤ ከ2 እስከ 15 ሰባት ጥንድ ገጽ ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ሳይቆረጥ በአንድ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ገጽ 8 እና 9 ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ግራና ቀኝ በተለያየ ወረቀት ላይ ስለሚውሉ ተሻግሮ የተሳለ ሥዕል መስመሩ ይዛነፋል። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ የሚታይበት ትልቁ ሥዕል እንግዲህ 8 እና 9 ላይ ይሁን፤ ፊቶቹ ከእጥፋቱ ሁለት ጣት ያህል ይራቁ። በጥንድ ገጽ ከ20 ቃል ማለፍ አያስፈልግም። ማተሚያ ቤት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሻካራ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ ጠቆር ያለ የፊት ቀለም ይበልጥ ይጠቁርና ዓይንና ፈገግታው ይጠፋል፤ በሚታተምበት ወረቀት ላይ አንድ ናሙና አስወጥቶ ፊቶቹን ማየት የግድ ነው።

በጉዲፈቻ ለመጣች ልጅ የሚሠራ ከሆነ ታሪኩ ከልደቷ ይጀምር። «አንድ ቀን ወደ እኛ መጣሽ» ብሎ የሚጀምር መጽሐፍ ከዚያ በፊት የኖረችውን ዕድሜ ይሰርዝባታል። ስለ ልደቷ የሚታወቀው ወሯና የተወለደችበት ቦታ ብቻ ቢሆን እንኳ እሱው ይጻፍ፤ ላልታወቀው ነገር የሚያምር ታሪክ አይፈጠርለት፤ አድጋ ትጠይቃለችና። ገጽ 14 እና 15 ባዶ ይቆዩ፤ አዲስ ወንድም ሲወለድ ወይም የራቀ ሰው ሲመለስ ራሷ ትስልባቸዋለች።