ሥላሴ ግቢ፣ ከመቃብሮቹ መካከል

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ፣ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ በዛፎቹ ጥላ ሥር ስዞር ቆየሁ። ከሁሉም አብዝቶ ያቆመኝ የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ ሲወረን እንግሊዝ አገር ሆነው ጋዜጣ እያሳተሙ ስለ እኛ የሞገቱት እኒህ ሴት፣ በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አርፈው ከአርበኞቻችን ጋር አንድ ግቢ ተቀበሩ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድም በ2009 ዓ.ም. ወደዚሁ ግቢ መጡ። እናትና ልጅ፣ ሁለቱም በመረጧት አገር አፈር! ዕንባዬ መጣ።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት ባለ ሥልጣናት መታሰቢያ ጋ ስደርስ ግን ሐዘኑ ሌላ ነው፤ ከቁጣ ጋር የተቀላቀለ።

የታሪክ መምህራን፣ እባካችሁ ተማሪዎቻችሁን ወደዚህ ይዛችሁ ኑ።