ተሳቢው ከጎኔ መጣ

ትናንት፣ ታኅሣሥ 19፣ ጎንደር አቡን ቤት ገብርኤል ስለቴን አስገባሁ። አንድ ጃንጥላ ነው። አምና የተደረገልኝን ለቤተሰብ ብቻ ተናግሬ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

አሜሪካ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ያደግኩት እዚሁ ጎንደር ነው። ልጅ ሆኜ ሊማሊሞን በአውቶብስ ስንወርድ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትጸልየው፤ ለኔም የመንገድ ፍርሃት ማለት ገደል ነበር። ኢንተርስቴት 80 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ከሮሊንስ ወደ ላራሚ ስትነዳ ግን ገደል የለም፤ የሚያስፈራው ነፋሱ ነው። በብርዱ ወራት ባዶ ተሳቢ ይገለብጣል፣ ሲብስ መንገዱን በብረት ይዘጉታል።

የዚያን ቀን ጭነቴ ቀላል ነበር፣ የታጠፈ ካርቶን። ጭነት የሚሰጠኝ ሰው ቶሎ ድረስ እያለ ይደውላል። መቆም ነበረብኝ፣ አልቆምኩም።

ኤልክ ማውንቴን አካባቢ ስደርስ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። እርጥበት መሰለኝ። እዚያ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ይህችን ያዙልኝ፦ መንገዱ እርጥብ መስሎ ከፊታችሁ ካለው መኪና ጎማ ውሃ የማይረጭ ከሆነ፣ በረዶ ነው። እኔ ያንን ሳላስተውል ነፋሱ ከቀኝ መታኝ። መሪው ድንገት ቀለለኝ። በግራ መስታወት ሳይ ተሳቢው ከኋላዬ መምጣቱን ትቶ ከጎኔ እየመጣ ነው፤ የጎኑ ብርቱካናማ መብራቶች አንድ በአንድ መስታወቱ ውስጥ ሲገቡ አየኋቸው። ፍሬን ብይዝ ዞሮ ጋቢናውን ይመታዋል። እግሬን ከሁሉም አነሳሁና «ገብርኤል!» አልኩ። ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ልል ነበር፣ አልደረስኩበትም። የተሳቢው ጎማዎች ዳር ያለውን የተቦረቦረ መስመር ነኩ፣ ጉርርር አለ፣ ተወናጨፈና ተመልሶ ከኋላዬ ገባ። ቀጥ ብሎ።

የሚቀጥለው መውጫ ላይ አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ አለቀስኩ። ያኔ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

«አንተ ልጄ፣ ደህና ነህ?»

እኔ ጋ ምሽት 2 ሰዓት አልፏል። ጎንደር በ10 ሰዓት ስለሚቀድም እሷ ጋ ጠዋት 12 ሰዓት ሆኗል፣ የገብርኤል ንግሥ። ሌሊቱን ማኅሌት ላይ ቆማ አድራ፣ ኪዳን ላይ ሳለች ሆዷ ባባባት። የክርስትና ስሜን እየጠራች ለመነች፣ ከዚያ ከቅጥሩ ወጥታ ደወለች። ምንም አልነገርኳትም ነበር። አጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ጋቢናው ውስጥ ነበርኩ። እዚያው ተቀምጬ ተሳልኩ።

ትናንት ጃንጥላውን ስሰጥ ዲያቆኑ ዘርግቶ አየው። ቀይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ። እናቴ ዘርፉን በእጇ ይዛ ቆየችና «ሳመው» አለችኝ። ሳምኩት።