ትንፋሿ የት ሄደ?

ባሕር ዳር ላይ በሳውንድ ሥራ የሚተዳደር ሰው እንጀራው ስብሰባ ነው። ሰርግም አለ፤ ሰርግ ግን ጾም ሲገባ ይቆማል። ስብሰባ ጾም አያውቅም። ሰኞ ጤና፣ ማክሰኞ ግብርና፣ ረቡዕ ውኃ፤ ጠረጴዛው ላይ አንገተ ረጃጅሞቹን ማይኮች ደርድሬ ከኋላ እቀመጣለሁ። ወረቀት የሚያንኮሻኩሸውን፣ ከጎኑ ካለው ጋር የሚያወራውን፣ ማይኩን ሳያጠፋ ስልክ የሚያነሳውን ስጠብቅ እውላለሁ። ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥፋቴ የመጣው ከዚያ ነው።

ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ጃዝ ላቅርብ አለ። ከአዲስ አበባ አንዲት ዘፋኝና አንድ ፒያኖ ተጫዋች ይመጣሉ። ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ። ማናጀሯ ደውላ «ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ቀላል ሥራ ነው» አለችኝ፤ እኔም አምኜ ዋጋ ቀነስኩላት። በሰርግ ባንድ አንዱ ቢበላሽ ኪቦርዱ ይሸፍነዋል፣ ኪቦርዱ ቢበላሽ ከበሮው ይሸፍነዋል፣ ሁሉም ቢበላሽ እስክስታው ይሸፍነዋል። ሁለት ሰው ሲሆን የሚሸፍን የለም። ይህን ያወቅኩት ዋጋውን ከቀነስኩ በኋላ ነው።

ስለ ጃዝ የማውቀው የሆቴል ሎቢ ያስተማረኝን ያህል ነበር፤ ማለትም ኖራ ጆንስን። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የመጀመሪያ አልበሟ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ በማግስቱ ዓመት የግራሚ ምሽት እሷ ራሷ አምስት ሽልማት ይዛ ነው የወጣችው። እኔ ግን ያንን አልበም ሁልጊዜ በቁርስ ሰዓት ስለምሰማው፣ ከእንቁላል ፍርፍርና ከማንኪያ ድምፅ ለይቼው አላውቅም።

ዓርብ አውሮፕላኑ ዘግይቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ደረሱ። እሷ ሠላሳ ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት፤ እሱ ሽበት የጀመረው፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። አዳራሹ ወደ ሐይቁ የተከፈተ በረንዳ አለው። ጥግ ላይ የቢራ ፍሪጅ ቆሟል፣ ባለ መስታወት በር፣ የሚያጉረመርም። ፒያኖው ከከተማ የተከራየ ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ነው። ማናጀሯ ለፎቶ እንዲያምር ብላ በሁለቱ መካከል ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ አቁማለች፤ ስለዚህ ፒያኒስቱ ከዘፋኟ ራቅ ብሎ፣ ጀርባዋን ብቻ እያየ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ኢኮውን አጥፋልኝ» አለችኝ።

«ትንሽ እንኳ ልተው?»

«ትንሽም።»

በዚህ ሥራ ስኖር «ኢኮ ጨምርልኝ» ያላለኝን ዘፋኝ አላስታውስም። አጠፋሁላት። ጊዜ ስላልነበረ ባዶው አዳራሽ ውስጥ አንድ አዝማች በሙሉ ድምፅዋ ለቀቀችው፣ ግሩም ነበር፤ «በቃ ጨርሰናል» ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በትዝታ ጀመሩ። ሰርግ ላይ እንደምንሰማው ትዝታ አልነበረም፤ ፒያኒስቱ ከቅኝቱ ሥር ሌላ ነገር ያነጥፋል፣ እሷ ደግሞ ለጎረቤት ምሥጢር እንደምትነግር ሆና ትዘፍናለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ «ትዝታ» ስትል፣ «ታ»ን እየቀነሰች ወደ ዝምታ ልታሳልፈው ስትል፣ ገና አጋማሽ ላይ ቁርጥ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ባልና ሚስት ተያዩ። ሁለተኛው መስመር ላይም እንደዚያው።

ማይኩን እየራቀችው ነው ብዬ ደመደምኩ። በእጄ «ቀረብ በይ» አልኳት። ቀረበች። እንደ እሷ የያዘችው ዓይነት ማይክ፣ ሹር 58፣ ከንፈር ሲጠጋው ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፤ ድምፅዋ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ወፍራሙን ቀነስኩ። አሁን ደግሞ ቀጠነች። ቀጭኑን ቀነስኩ። ከሦስት ዘፈን በኋላ የማላውቃት ሴት እየዘፈነች ነበር፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ግን አሁንም የለም።

እረፍት ላይ ሄድኩና፣ በትሕትና ነው ግን ጥፋቱን እሷ ላይ ጥዬ፣ «እህቴ፣ ማይኩን እየራቅሽው ነው» አልኳት።

«እውነት? ይቅርታ፣ አልታወቀኝም።»

ፒያኒስቱ ውኃውን እየጠጣ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ትንፋሿ የት ሄደ?» አለኝ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ከመስመሩ በፊት ትንፋሽ ትወስዳለች። እኔ የምገባው በሱ ነው። ዛሬ ከሞኒተሩ፣ እኔ ከምሰማበት ስፒከር፣ አይመጣልኝም።»

ምን እንደመለስኩለት ስጽፈው አፍራለሁ፤ «የጀነሬተሩ ጉዳይ ይሆናል» አልኩት። መብራት እኮ አልጠፋም ነበር። ገመድ ቀየርኩ፣ ማይክ ቀየርኩ። በሁለተኛው ክፍል ልጅቷ ምሥጢሩን ተወችና ጮክ ብላ ዘፈነች። ሰው አጨበጨበ፣ ማናጀሯ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ፒያኒስቱ ሲወጣ ደህና እደር አላለኝም።

ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ቤቴ ገብቼ፣ ድምፁን የማስተካክልበት ሚክሰር ፍላሽ ላይ የቀዳውን በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩ። የምፈልገው እሷ የራቀችበትን ቦታ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ላስሰማት። መጀመሪያ የሰማሁት ግን ፍሪጁን ነው። እሷ ስትጀምር የፍሪጁ ጉርምርምታ አብሯት ይገባል፣ ስታቆም አብሯት ይጠፋል። ደግሜ ሰማሁት። ፍሪጅ ዘፋኝ ተከትሎ አይበራም አይጠፋም። የሆነ ነገር በር ከፍቶ በር እየዘጋ ነው።

ጌት ነበር። ለማያውቀው፣ ጌት ሚክሰሩ ውስጥ የቆመ ዘበኛ ነው። ከማይኩ የሚመጣውን ድምፅ በር ላይ ይመዝናል፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን ያስገባል፣ ከዚያ ያነሰውን ይመልሳል። ለስብሰባ ወደር የለውም፤ ተናጋሪው ሲናገር ይከፈታል፣ ዝም ሲል ወረቀቱም ሳሉም ውጭ ይቀራል። «ስብሰባ 1» ብዬ ባስቀመጥኩት ቅንብር ዘበኛው ከዜሮ በታች 30 ዴሲቤል ላይ ቆሟል፤ የቢሮ ኃላፊ ከዚያ በታች ተናግሮ አያውቅም። ሐሙስ የሠራሁበትን ያንኑ ቅንብር ኢኮውን ብቻ አጥፍቼ ለዓርብ ተጠቀምኩበት። ትንፋሿ ከ30 በታች ነው። የ«ታ» ጭራ ከ30 በታች ነው። ዘበኛዬ ሁለቱንም በር ላይ መለሳቸው።

የባሰው ደግሞ ሰርግ ላይም ይህን ጌት ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። እዚያ ኢኮው የተቆረጠውን ጭራ እያስረዘመ ይሸፍንልኝ ነበር። ልጅቷ ኢኮውን ስታስጠፋኝ መሸፈኛዬን ነው የገፈፈችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። ሐይቁ እንደ ትሪ ለጥ ብሏል፣ ሁለት ታንኳ ወደ ዘጌ በኩል ይቀዝፋሉ። እሷ ዝንጅብል በማር ይዛለች፣ አንገቷን በነጠላ ጠቅልላለች። እሱ ማስታወሻ ደብተር ላይ የዘፈኖቹን ቁልፍ፣ የሚዘፈኑበትን የድምፅ ከፍታ፣ እየሰረዘ ከፍ ያደርጋል፤ ከኤፍ ወደ ኤ፣ ከጂ ወደ ቢ። «ታችኛው ድምፄ እየሄደ ነው መሰለኝ፤ ዛሬ ሁሉንም ከፍ እናደርጋለን» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

ነገርኳቸው። ጌቱን፣ ስብሰባውን፣ ጀነሬተር ብዬ መዋሸቴን ጭምር። ይስቃሉ ብዬ ነበር። እሷ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ትናንት ግን ይቅርታ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ቀጠለች፣ «ሳማራ ጆይን ታውቃታለህ? በ2023 በግራሚ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አርቲስት የተባለችው፤ ከኔ ታንሳለች። ታችኛውን ድምፅ ሳይፈሩ መዝፈን ከሷ ነው የተማርኩት። አንተ በአንድ ማታ አስፈራኸኝ።» ተነስታ ወደ ሐይቁ ዳር ሄደች።

ፒያኒስቱ ደብተሩን ዘጋና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ሴሲል ማክሎሪን ሳልቫንት ከፒያኖ ተጫዋቹ ሱሊቫን ፎርትነር ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው «ዘ ዊንዶው» ነው፤ ከጥቂት ቦታ በቀር ድምፅና ፒያኖ ብቻ። በማግስቱ ዓመት የግራሚውን የጃዝ ድምፃዊ ሽልማት አግኝቷል። እኔ ዜማውን አልሰማሁም፤ የሙያ ነገር ሆኖ ጭራዎቹን ነው ያዳመጥኩት። ቃሉ ካለቀ በኋላ አየሩ አለ፤ ፒያኖው የሚገባው አየሩ ውስጥ ነው። ከዚያ ዳያና ክሮልን አስከተለ፣ ፓሪስ ኦሊምፒያ አዳራሽ ላይ ተቀድቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን፤ የጆኒ ሚቸልን ዘፈን ብቻዋን እየተጫወተች ስትዘፍን። «ይቺ ትንፋሹም ጣቱም የራሷ ነው» አለኝ። «እኔ ግን የምነሳው ከሌላ ሰው ሳንባ ነው። ትናንት ዓይኔን ጨፍነህ መንገድ አሻገርከኝ።»

አገር ቤት ሲደርስ ወሬው ረዘመ። የሙላቱ አስታጥቄን ነገር በአክብሮት አለፈው፣ ሁሉም ያወራዋል ብሎ። የፒያኖ ተጫዋቹን የሳሙኤል ይርጋን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ «ጉዞ» እና ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን «ላላ በሉ» አሰማኝ። መጨረሻ ላይ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከፈተ። ጃዝ አይደለም፤ ግን በ2023 ከመቶ ዓመታቸው ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ያረፉት መነኩሲት አንዱን ኖታ ከሌላው የሚለዩበት ዝምታ ቆጥሮ የሚደረስበት አይደለም። «እሳቸው ላይ ያንን ጌትህን ብታደርግ ምን ይቀራል?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የሳቅነው፣ ሁለታችን ብቻ።

ማታ ጌቱን አጠፋሁ፣ የአበባ ማስቀመጫውን አንስቼ ፒያኖውን ወደ እሷ አስጠጋሁ። አሁን ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ዘበኛው ሲነሳ ፍሪጁ በነጻነት ገባ። ለስለስ ያሉት ዘፈኖች ሥር እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ባርማኑ ዘንድ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ ለ40 ደቂቃ ይህን ንቀልልኝ።»

«ኧረ በጊዮርጊስ! ቢራው?»

«በ40 ደቂቃ ምን ይሆናል?»

«አንተ ነህ ጠጪውን የምታስረዳ?»

ከኪሴ ጥቂት ብር ወጣ፣ ተነቀለ። ፍሪጁ አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሐይቁን ሰማሁት፣ ድንጋዩን ቸብ ቸብ ሲያደርግ። ቁልፎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል፤ ትዝታውን በኤፍ ጀመሩት። ከመስመሩ በፊት ሳብ ያደረገችው አየር በስፒከሩ መጣ፣ የፒያኒስቱ ትከሻ ከትንፋሿ ጋር ከፍ አለ፣ አብረው ወረዱ። «ታ» የት ላይ እንዳለቀች እስከ ዛሬ መናገር አልችልም። እጄን ድምፅ ከፍና ዝቅ ከማደርግበት ፌደር ላይ አንስቼ ጭኔ ሥር አደረግኩት፣ እንዳልነካካ።

ሲያልቅ ልጅቷ ወደኔ ዞር ብላ አላየችም፤ ፒያኒስቱ ግን በአገጩ ሰላም አለኝ። ባርማኑ ፍሪጁን ሰክቶ የመጀመሪያውን ቢራ በእጁ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። ማናጀሯ መጣች።

«የትናንቱ ይሻል ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ድምፁ ትንሽ አነሰ።»

«አዎ» አልኳት፣ ገመዱን እየጠቀለልኩ።